ከመድረክ ወደ ፊልም፦ ቃለ ተውኔቱ ከየት ይቆረጥ?

ጥያቄው፦ «ለመድረክ የጻፍኩት የ70 ደቂቃ ተውኔት አለኝ። ወደ ፊልም ልለውጠው ስል ያነበበው ዳይሬክተር ‹ንግግሩ በዛ፣ ቲያትር ቲያትር ይላል› አለኝ። ግማሹን ቆርጬ ስመልስለት ደግሞ ‹አሁን ታሪኩ ጠፋኝ› አለ። ቃለ ተውኔት (ገጸ ባህሪያቱ የሚናገሩት) በቲያትርና በፊልም ውስጥ ያለው ሥራ እንዴት ይለያያል? ከየት ልጀምር? አንድ ትዕይንት ልኬያለሁ። እናትና ልጅ ናቸው፤ ልጁ የቤቱን ካርታ አስይዞ ተበድሯል፣ ባንኩ ሊሸጠው ነው።»

ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነው። ያልሆነ ቦታ የገባው መቀሱ ነው። ጸሐፊ «ቁረጥ» ሲባል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ረጃጅሙ ንግግር ላይ ነው። ረጅሙ ንግግር ውስጥ የታጨቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ነው፦ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባት መቼ እንደሞተ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ። እሱ ሲወጣ ታሪኩም አብሮ ይወጣል። «ምን አልክ?»፣ «ተናድጃለሁ!»፣ «እውነትህን ነው?» የሚሉት አጫጭሮቹ ደግሞ ቦታ ስለማይፈጁ ይተርፋሉ። ጽሑፉን ቲያትር ቲያትር ያሰኙት እነሱ ሆነው ሳለ ማለት ነው።

መድረክ ላይ ቃል የካሜራንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች በተዋናዩ እጅ ያለው ወረቀት የባንክ ደብዳቤ ይሁን የሠርግ ጥሪ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው መናገር አለበት። ከመድረክ ውጭ የሆነውንም እንዲሁ። በጥንቱ የግሪክ ቲያትር ግድያው ብዙውን ጊዜ ከመድረክ ጀርባ ይፈጸምና መልእክተኛ ገብቶ ይተርከዋል። አርስቶትል እንደጻፈው ተዋናዮችን ከአንድ ወደ ሁለት ያሳደገው ኤስኪለስ ነው፣ ሦስተኛውን የጨመረው ሶፎክልስ። ሁለት ተዋናይ ፊት ለፊት ከቆመ ጀምሮ ምልልስ የቲያትር ባለቤት ነው። ለፊልም ግን ቃል ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ፊልም በምስል፣ በመሐል በሚገቡ ጽሑፎችና አዳራሽ ውስጥ በሚመታ ሙዚቃ ታሪክ ሲነግር ቆይቷል። የተዋናዩ ድምፅ ሲመጣ ምስሉ የለመደውን ሥራ አልለቀቀም።

ከዚህ ተነስቶ «ፊልም ማለት ንግግር አለማብዛት ነው» ማለት ግን ስህተት ነው። ሙሉውን አንድ ክፍል ውስጥ ሲከራከሩ የሚያልቁ፣ ዓይን የማያስነቅሉ ፊልሞች አሉ። መጠየቅ ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ስንት ቃል እንዳለው ሳይሆን ምን ሥራ እንደያዘና ያን ሥራ ሌላ ነገር ከእሱ በተሻለ ይሠራው እንደሆነ ነው።

ስለዚህ መቀሱን አስቀምጠው እርሳስ ያንሱ። ዋናውን፣ ያልተቆረጠውን ጽሑፍ ያትሙና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን አንድ ፊደል ይጻፉ። «መ» ለመረጃ፣ «ስ» ስሜቱን በስሙ ለሚጠራ (ተናደድኩ፣ አዘንኩ፣ ልቤ ተሰበረ)፣ «ግ» ለግፊት። ግፊት ማለት አንዱ ሌላውን አንድ ነገር ለማስደረግ ወይም ለማስቀረት የሚናገረው ነው፦ ልመና፣ ማስፈራሪያ፣ ውሸት፣ ማዘናጊያ፣ ሽሙጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ፊደል ሊይዝ ይችላል፤ «መግ» ከሆነ እሱ ወርቅ ነው፣ አይንኩት። ብቻውን የቆመ «ስ» ከሁለቱም፣ ከቲያትሩም ከፊልሙም፣ ይውጣ። ብቻውን የቆመ «መ» ግን ምትክ ሳያገኝ እንዳይወጣ። ኅዳጉ ላይ «ይህ የት ይታያል?» ብለው መልሱን ይጻፉ፦ ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ፣ በፖስታው ማኅተም፣ ልጁ ደጁን ከመግፋቱ በፊት በሚያመነታበት አፍታ። መልስ ካጡለት ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ። የመጀመሪያው ቆረጣዎ የወደቀው ይህች ኅዳግ ባዶ ስለነበረች ነው።

አሁን የላኩትን ትዕይንት እንየው።

የሺ፦ ዳዊት ልጄ፣ አባትህ ከሞተ ይኸው ሰባት ዓመት ሆነው። ይህን ቤት በስንት ላብ እንደሠራው አንተም ታውቃለህ።
ዳዊት፦ አውቃለሁ እማዬ። ግን ባንኩ ቤቱን ሊሸጠው ነው። ካርታውን አስይዤ የተበደርኩት እኔ ነኝ።
የሺ፦ ምን አልክ ዳዊት? ሳትነግረኝ አስያዝከው? ይሄ የያዝከው ደብዳቤ የባንኩ ነው?
ዳዊት፦ አዎ እማዬ፣ የባንኩ ነው። በጣም ተጸጽቻለሁ።
የሺ፦ ተናድጃለሁ ዳዊት! ልቤን ሰበርከው!

ፊደሎቹን ሲደረድሩ መ፣ መ፣ መ፣ መ… ስ፣ ስ ይሆናል። «ግ» የለም ማለት ይቻላል። እናት ከልጇ የምትፈልገው የለም፤ ልጁም የሚያመልጠው የለም፤ ገና ሳይጠየቅ ተናዘዘ። ዳዊት የሚለው ስም በአምስት ንግግር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ማንም ስም እየጠራ አያወራም፤ ስም የሚጠራው ለመጥራት፣ ለመቆጣት ወይም ለመለመን ነው። «አንተም ታውቃለህ» የምትለዋ ደግሞ የታወቀች ነቀርሳ ናት፦ የሚያውቀውን ሰው ለምን ይነግሩታል? የሚነገረው ለተመልካቹ መሆኑን ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል።

ይህ ለመድረክም ደካማ ነው። ለመድረክ መረጃውን ሳይጥሉ ጥርስ ያውጡለት፦

የሺ፦ የሞተው ሰውዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ጣራ አላፈሰሰብኝም። ቆሞ የሚሄደው ልጄ ግን ካርታ ይዞ ባንክ ለባንክ —
ዳዊት፦ እከፍለዋለሁ አልኩ!

አባት መሞቱ፣ ሰባት ዓመቱ፣ ቤቱ፣ ካርታው፣ ዕዳው፣ ጥፋተኛው፣ ሁሉም አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ዱላ ሆኖ ነው የመጣው።

ለፊልም ደግሞ ካሜራ ማኅተም ማየት ስለሚችል እንዲህ ይሆናል፦

ሳሎን። ቀን። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት የሰውዬ ፎቶ። የሺ ቡና ትቀዳለች። ዳዊት ጫማውን ሳያወልቅ፣ የበሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፖስታው ጉልበቱ ላይ።
የሺ፦ ምንድን ነው እሱ?
ዳዊት፦ የመብራት።
የሺ እጇን ትዘረጋለች። ይሰጣታል። ማንበብ አትችልም፤ ክቡን ማኅተም በአውራ ጣቷ ታሸዋለች።
የሺ፦ መብራት ኃይል ማኅተም መምታት ጀመረ?
ዳዊት ስኒውን ያነሳል፣ ሳይቀምስ ይመልሰዋል።
የሺ፦ ቀዘቀዘ እኮ። ይጠጡ እንጂ።

ብድር የሚል ቃል የለም፣ ተናደድኩ የሚል የለም። ባንኩና ካርታው የቀረው ደግሞ ለሚቀጥለው ትዕይንት ነው፤ ተመልካቹ እየጠበቀ ይግባ። ልጁ ይዋሻል፣ ያ «ግ» ነው። እናት ውሸቱን ይዛ አትለቅም፣ ያም «ግ» ነው። እና መጨረሻዋ ንግግር ላይ የሚጠበቀው «አንተ» ወደ «እርስዎ» ዞረ። እናት የወለደችውን ልጅ አንቱ ስትል ከቤት ከማስወጣት አይተናነስም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የውጭ የስክሪፕት መማሪያ የማያስተምረው ይህን ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ የሚለው ምርጫ አማርኛ ለጸሐፊው በነፃ የሰጠው ብርሃን ነው። ሁለት ሰዎች በየትኛው ገጽ ላይ ከእርስዎ ወደ አንቺ እንደተሻገሩ ምልክት ያድርጉ፤ ፍቅር ከሆነ፣ ያቺ ቅጽበት ከመሳሳም ትበልጣለች። ሳያስቡት ከተዘባረቀ ግን (ብዙ ጽሑፍ ላይ ይዘባረቃል፤ ገጽ 12 ላይ እርስዎ፣ ገጽ 14 ላይ አንተ፣ መሐሉ ምንም ሳይሆን) ተዋናዩ ልምምድ ላይ የፈለገውን ይመርጣል፣ ግንኙነቱም ውሃ ይሆናል። መጠሪያውም እንዲሁ። «ታላቅ ወንድሜ ነህና» ብሎ መረጃ ከማስነገር «ጋሼ» በቂ ነው። «እትዬ የሺ» የሚላት፣ «እማማ» የሚላትና «ወይዘሮ የሺ» የሚላት ሦስቱ ሰዎች በር እንደገቡ ማንነታቸውን ተናግረው ጨርሰዋል።

ግሱ ጾታ መያዙ ደግሞ ሁለት ስለት ነው። በስልክ እያወራ «ነይ» ካለ ወዲያ ያለችው ሴት ናት፣ አለቀ። ምስጢሩን ማቆየት ከፈለጉ የሚናገረው በራሱ ግስ ብቻ ይናገር፦ «መጣሁ»፣ «ገባኝ»፣ «ስንት ሰዓት?»። ወይም እርስዎ ይበል፤ እርስዎ ጾታ ይደብቃል። የስልክ ትዕይንቶችዎን ሁሉ በዚህ ዓይን አንድ ጊዜ ይለፏቸው።

ሌላው ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ካርታ ይዞ ባንክ ለባንክ —» ሲባል የቀረው ግስ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው፣ አዎንታውና አሉታውም ቀርቷል። ስለዚህ አማርኛ ላይ ንግግር ማቋረጥ ከባድ መሣሪያ ነው። አንድ ትዕይንት ውስጥ አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ይጠቀሙበት፤ ሲደጋገም ተመልካቹ ግስ እየጠበቀ ይደክማል። ተዋናይ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ደርሶ ዝም እንዳይልም ቀሪውን በቅንፍ ይጻፉለት፦ «ባንክ ለባንክ — (ሲዞር ይውላል)»። አቋራጩ ገና አንድ ቃል ሲቀር አየር ስቦ ይጀምራል፤ ካልሆነ በመሐሉ የምትፈጠረው ክፍተት ሁለቱም ጽሑፉን እያስታወሱ መሆናቸውን ታሳብቃለች።

ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር አጭር ነገር፦ ሽማግሌ ገጸ ባህሪ ስላለዎት ብቻ ተረት አይደርድሩ። አንድ ከሆነም ግማሹን ብቻ ያስብሉት። «ሲሾም ያልበላ…» ብሎ ዞር ካለ ቀሪውን አዳራሹ በልቡ ይጨርሰዋል፤ ሙሉውን ካለው ትምህርት ይሆናል።

ወደ ጊዜ ስንመጣ፣ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ሕግ የተወሰነ ፎንትና የገጽ አቀማመጥ ላለው የእንግሊዝኛ ስክሪፕት የወጣ ነው። በግዕዝ ፊደል ቃሉ በትንሽ ቦታ ስለሚያርፍ፣ ፎንትዎና የመስመር ርቀትዎም ስለሚለያይ አይመኑበት። እያንዳንዱን ትዕይንት ጮክ ብለው፣ ድርጊቱንም በክፍሉ ውስጥ እየተንቀሳቀሱ፣ የስልክዎን ሰዓት ቆጣሪ ከፍተው ይለኩት። ዝምታውን አይዝለሉ። ጽሑፉ ላይም ብቻውን «ዝምታ» ብለው አይጻፉ። መድረክ ላይ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፣ ተዋናዩ የሚሠራው ከሌለው አዳራሹ ማሳል ይጀምራል፤ ፊልም ላይ ደግሞ ኤዲተሩ የሚይዘው ምስል ከሌለው ይቆርጠዋል። ስኒውን አንስቶ ሳይቀምስ መመለሱ ዝምታ ነው፣ ግን የሚታይ ዝምታ።

የንባብ ልምምድ ላይ አማርኛን የሚጥለው የማይጻፈው ጥብቀት ነው። እርስዎ ጽሑፍ ላይ «አባትህ አለ» የሚል አለ። ላልቶ ከተነበበ አባትየው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ አባትየው በሕይወት አለ። ሙት አባት ባለበት ታሪክ ይህ ቀልድ አይደለም። «ይሰማል» እና «ገና» የመሳሰሉትንም ፈልገው በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ በእርሳስ ያድርጉ፤ ለተዋናዮች የሚባዛው ከዚያ በኋላ ይሁን።

የዓረፍተ ነገር መጨረሻ መዋጥ ሌላው በሽታ ነው። «አልሸጥም»፣ «አልሸጥኩም»፣ «አልሸጠም» የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ነው። የመድረክ ተዋናይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ፊደል መሸከም አለበት። ይኸው ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲመጣ ግን ያንኑ ጉልበት ይዞ ከመጣ፣ ፊቱ ክሎዝ አፕ (ፊት ብቻ በቅርበት የሚታይበት ምስል) ውስጥ ሲጮህ ንግግሩ ያረጃል፤ ዳይሬክተርዎ ቲያትር ቲያትር ያለው ከፊሉ ይህንን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ጽሑፉ ውስጥም አለ፦ ለፊልም ሲጽፉ ዓረፍተ ነገሩን ከአንድ ግስ አያሳልፉት። «መጥቼ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ ተመልሼ ነገርኩህ» የሚለው ሰንሰለት መድረክ ላይ ዜማ አለው፤ ክሎዝ አፕ ውስጥ ግን የተጠና ይመስላል።

ቀረጻ ቦታ ላይ ለቃለ ተውኔቱ ሲሉ ሦስት ነገር ያስከብሩ። አንደኛ፣ የሚደራረብ ንግግር ካለ ሁለቱ አብረው በሚታዩበት ሾት ላይ ለየብቻቸው ማይክ ታስሮላቸው ይደራረቡ፤ በክሎዝ አፕ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይበል፣ መደራረቡን ኤዲተሩ ይሠራዋል። በክሎዝ አፕ ከተደራረበ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ውስጥ ይገባና መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይቀረጽ፤ ንግግር ሲቆረጥና ሲቀጠል ቀዳዳው የሚደፈነው በእሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሚኒባስ ወይም ጄኔሬተር ያበላሸው ንግግር ካለ ተዋናዩ ልብሱን ሳይቀይር፣ ስሜቱ ሳይበርድ፣ ካሜራ ሳይኖር ማይኩ አፉ አጠገብ ሆኖ እዚያው ይድገመው። ከሁለት ወር በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ያንኑ ትንፋሽ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ሲጨርሱ ለዳይሬክተሩ ከመላክዎ በፊት አንድ ፈተና ይስጡት። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ንግግሩን ሁሉ ዘለው ድርጊቱን ብቻ ያንብቡለት፤ ከዚያ «ማን ከማን ምን ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁት። ከመለሰ የተቆረጠው በደንብ ተተክቷል። ካልመለሰ የጠፋበትን ገጽ ይጠይቁትና ኅዳጉን ዳግመኛ ይመልከቱ፤ ንግግር ከመመለስዎ በፊት ግን።

ፊልሙ ለዋሽንግተን ወይም ለቴል አቪቭ ተመልካችም የታሰበ ከሆነ፣ እዚያ የተወለዱት ልጆች የሚያነቡት የግርጌ ጽሑፉን ነው። የተለመደው ልክ ከሁለት መስመር አይበልጥም፣ መስመሩ 42 ያህል ፊደል፣ ቆይታውም ቢበዛ 7 ሰከንድ። የአማርኛው ግስ መጨረሻ ላይ፣ የእንግሊዝኛው ግን ቀድሞ ስለሚመጣ ተርጓሚው ሙሉውን በአንዴ ካወጣው ተመልካቹ ተዋናዩ ሳይናገር ይስቃል ወይም ይደነግጣል። ጽሑፉን ለሁለት ከፍለው ሁለተኛውን ከግሱ ጋር ያውጡት። «ይጠጡ እንጂ» ደግሞ እንዳለ ከተተረጎመ «ጠጣ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ አንቱታው ጠፍቶ። እዚህ ላይ ተርጓሚው የሌለ ቃል ጨምሮ ልጁን «ሰር» እንዲያሰኛት አስቀድመው ስክሪፕቱ ኅዳግ ላይ ይጻፉለት።